ሳታስረክብ የሄደችው ንብ

የኮምፒውተሩን የመብራት ገመድ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ገበያ ስሄድ ከእኔ ጋር ሄደ። የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይም አብሮኝ ተሰበሰበ። ድንች ሻጯ ጋ ሳንቲም ስፈልግ ጫፉ ብቅ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለችኝ።

«የዋርሳዬ ልጓም» አልኳት። ከዚያ በላይ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም፤ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩ አይገባም።

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ቤተሰቡ «ዶክተር» ይለዋል፤ የታመመ ዕቃ ሁሉ እሱ ጋ ስለሚሄድ። ሁሉም ግን ድኖ አይመለስም። በሽታው ምንም ይሁን ምን የሚያዘው መድኃኒት አንድ ነው። ስልኩ ድምፅ ቀነሰ? ፎርማት። ታብሌቱ ተሰነጠቀ? «መጀመሪያ ፎርማት ላድርገውና እናየዋለን።» ልቡ ወርቅ ነው። ችግሩ እጁ ነው፤ ከልቡ ይቀድማል።

እኔ ጥልፍ ነው የምሠራው። ሳሎናችን ጥግ አንድ የጥልፍ ማሽን አለ፣ ከጎኑ ኮምፒውተሩ። አርማውን ኮምፒውተሩ ላይ እሠራለሁ፤ መርፌው የት እንደሚወጋ፣ ክሩ ወዴት እንደሚተኛ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ። ከዚያ በፍላሽ ወደ ማሽኑ እወስደዋለሁ። ማሽኑ ይሰፋል። ቀኑን ሙሉ ዝዝዝ ስለሚል ባሌ «ንብ» ብሎ ጠራኝ፤ አሁን ሰፈሩም ንብ ነው የሚለኝ። ኮምፒውተሩም እንደዚያው። ስከፍተው የንብ ሥዕል ይመጣል፣ ከሥሩ «ንብ» ይላል፣ ፓስዎርዴን እጽፋለሁ፣ ገባሁ።

አክስቴ ታማ እሷ ጋ አድሬ ስመለስ ዶክተር በሩ ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ የሠራ ሰው ፈገግታ አለ።

«ኮምፒውተርሽን ክፈቺዋ!»

ከፈትኩ። ድሮ እስኪነሳ ሽንኩርት ልጬ እጨርስ ነበር። አሁን ዓይኔን ሳልጨፍን ተነሳ። ንብዋ መጣች። ፓስዎርዱ ያው። ገባሁ።

«ፈጥኗል» አልኩ።

«ጠራረግኩልሽ። ሰርፕራይዝ!»

መረቅኩት። ልጅ ይውጣልህ፣ ሚስት ይስጥህ፣ ምን ያላልኩት አለ። ከዚያ ሥራዬን ልጀምር ፎልደሮቼ ያሉበትን ከፈትኩ። ስማቸው እንዳለ አለ። «ማርሽ ባንድ»። «ትምህርት ቤቶች»። «ሙሽሮች»። «ትራስ»። ማርሽ ባንድ የሚለውን ተጫንኩ።

ፈቃድ የለሽም አለኝ።

ደግሜ ተጫንኩ። ሰው ሲናደድ አጥብቆ ነው የሚጫነው፤ ለውጥ ግን የለም። ፈቃድ የለሽም። ሙሽሮችም፣ ትራስም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ፣ በገዛ ጣቴ! ከሥራቸው ደግሞ የማላውቀው አንድ ፎልደር ተቀምጧል። ስሙ ስም አይደለም፤ ፊደልና ቁጥር ተደበላልቆ፣ ድመት ኪቦርዱ ላይ የተራመደችበት ነው የሚመስለው። እሱም አይከፈትም።

ማርሽ ባንድ የሚለው ውስጥ ያለው የእሳት አደጋ ማርሽ ባንድ አዲስ አርማ ነው። ጡሩምባ ነው፤ ከአፉ ነበልባል ይወጣል። ነበልባሉ ከቢጫ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቀይ ይሄዳል፣ መጋጠሚያው ሳይታወቅ። ለዚያ ስንት ጨርቅ እንዳበላሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው። የጃኬቶቹን ግማሽ ጠልፌ ወስደዋል። ግማሹ እዚሁ መስቀያው ላይ ባዶ ደረቱን ያሳየኛል። እሁድ ሰልፍ አለ።

ፋይሉ ከጠፋ እንደገና መሥራት እችላለሁ። ግን ያው አይሆንም። ጥልፍ እንደ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ራስሽም ብትደግሚው ይለያል። ጎን ለጎን ቆመው ሲነፉ የአንዱ ነበልባል ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን ሊሆን ነው። የባንዱ መሪ ደግሞ ሙዚቀኛ ብቻ አይደለም፤ ክር የሚያይ ሰው ነው። «አንዱ ከሌላው ከተለየ ሁሉንም አስፈትቼ ዋናው መንገድ ላይ ላለው ትልቁ ሱቅ እሰጣለሁ» ብሎኛል፣ ፊት ለፊት። ትልቁ ሱቅ ሥራውን ከመጀመሪያውም ሲያሽኮረምመው ነበር። እነሱ ማሽናቸው በረድፍ ነው። እኔ አንድ ነኝ፣ ሳሎን ጥግ።

ፎልደሮቹን ድሮ እኔው ነኝ ያስቆለፍኳቸው፣ ከንብ በቀር ማንም እንዳይገባ። ልጄ አንዴ አንድ ትምህርት ቤት አርማ ላይ ላለው አንበሳ መነጽር አድርጋለት ነበር። ሳላየው ሰፋሁት። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ባለመነጽር አንበሳ ደረቱ ላይ ለጥፎ ትምህርት ቤት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከንብ በቀር ማንም።

እኔ ደግሞ ንብ ነኝ። ታዲያ?

ዶክተርን ጠራሁት። እጁን አፋትጎ ተቀመጠ። ፎልደሩ ላይ በቀኝ ተጫነና መጠኑን አየ።

«ዜሮ» አለ።

«ምን ዜሮ?»

«ባዶ ነው። ውስጡ ምንም የለም። ቫይረስ በልቶታል።» ድመት የጻፈችውን ፎልደር በጣቱ አሳየኝ። «ያውልሽ የበላው። አየሽው ስሙን? ጤነኛ ነገር እንዲህ አይጠራም።»

«ፍላሹ ላይ ቅጂ አለኝ» ብዬ ፍላሹን ሰካሁ። ባዶ። እሱም እንደ ተላጨ ራስ ጥርግ ብሏል።

ዶክተር ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጣሪያው ላይ ምንም የለም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

«ፍላሹንም በልቶታል» አለ ቀስ ብሎ። «አይዞሽ። ሳይዛመት ሙሉውን ፎርማት ማድረግ ነው። አሁኑኑ ልጀምር?»

ገመዱን የነቀልኩት ያኔ ነው።

ማታ ባሌ ደወለ። የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ሰማኝና «ዶክተርን ለምን አታማክሪውም?» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ኔትዎርክ ነው አልኩት በኋላ።

በማግስቱ ገመዴን ይዤ ገበያ ሄድኩ። ስብሰባው ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ወላጆች ስለ ሽንት ቤቱ ሲከራከሩ እኔ ስለ ዜሮ አስባለሁ። ዜሮ ከሆነ እሺ፣ አልቅሼ እንደገና ልጀምር። ግን አንድ ነገር ይኮሰኩሰኛል። ፎልደሮቹ ያሉበት ዲስክ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሲሞላ ቀይ መስመር ያሳያል። ዶክተር ሲቀመጥ፣ ከትከሻው በላይ ያየሁት መስመር ምን ዓይነት ነበር? ቀይ። ቀይ ነበር! ባዶ ከሆነ ምን ሞላው?

ስብሰባው ሳያልቅ ወጣሁ። ከሽንት ቤቱ የበለጠ ነገር አለብኝ።

ሳሎን ስገባ ዶክተር ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኳል። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። እጁ ላይ ገመድ። የኔ ገመድ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

«ዶክተር!»

ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አላተመ። «ከሱቄ ነው ያመጣሁት» አለ ገመዱን ከጀርባው እየደበቀ። «ስትመጪ አልቆ እንድታገኚው...»

«ሰርፕራይዝ?»

«ሰርፕራይዝ» አለ፣ ራሱን እያሸ።

«ያንተ ሰርፕራይዝ ሳይገድለኝ አንድ ቀን ልኑር!»

«ሁለታችሁም ተቀመጡ።»

አማቴ ናቸው፣ የባሌና የዶክተር እናት። እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው የልጄን ሹራብ ቁልፍ ይተክላሉ። አማቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ጎማ፣ ቡሎን፤ አንዲት ቡሎን ሳትጎድል። አሁንም ቤት ውስጥ ክብሪት ብትወስጂ «ማን ወጪ አደረገው?» ይላሉ። እሳቸው ተቀመጡ ካሉ ይቀመጣል። ተቀመጥን።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «አንተ፣ ባዶ ነው ነው የምትለው?»

«ዜሮ ነው የሚለው እማዬ። ዓይኔን ግንባር ያርገው።»

«ግንባርህን ተወው። ባዶ መጋዘን ማን ያሽጋል?»

ዶክተር ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«ሃያ ምናምን ዓመት መጋዘን ይዣለሁ» አሉ። «ባዶውን ክፍት አድርገህ ትሄዳለህ። የሚታሸገው ዕቃ ያለበት ነው።»

ገመዴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰካሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ዲስኩን አሳየኋቸው። መስመሩ ቀይ ነው፣ እንደ በርበሬ።

«ሞልቷል እማማ። እዚያ ዲስክ ላይ ደግሞ ከኔ ሥራ ሌላ ምንም የለም።»

«ስለዚህ ዕቃው አለ። ዜሮ ያለው ቆጥሮ ሳይሆን፣ እንዳይቆጥር ስለተከለከለ ነው። በር ላይ ቆሞ ምን ይቆጥራል?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቀጥል። ምን አደረግህላት?»

«ጠራረግኩላት።»

«በምን?»

«በ... እንዲያው... ጠራረግኩ።»

«መጥረጊያ ይዘህ?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ያሰማራን ሰውዬ ላቡ መጣ። ዓይኑ አሁንም ጣሪያው ላይ ነው።

«ጣሪያው አይመልስልህም» አልኩት። «ፍላሼ ላይ ምን ነበር የጫንከው?»

አለቀለት። ተነፈሰና ዘረገፈው። ጠረጋ የሚባል ነገር የለም። አሮጌውን ሲስተም አጥፍቶ አዲስ ጭኗል። መጫኛውን የገለበጠው የኔ ፍላሽ ላይ ነው፤ የነበረውን አጥፍቶ። ሲጨርስ መጫኛውንም አጠፋው። ፎልደሮቼ ያሉበትን ዲስክ አልነካም። «እሱንስ ለነፍሴ ብዬ አልነካሁም» አለ። አሮጌዋ ንብ ግን ከአሮጌው ሲስተም ጋር ሄደች።

«ሄደች ማለት?»

«ጠፋች። ከዚያ ሌላ ሠራሁልሽ። እንዳይከፋሽ ብዬ ያችኑ ስም፣ ያችኑ ሥዕል። ንብዋን ፈልጌ እስካገኛት ዓይኔ ጠፋ!»

«ፓስዎርዱንስ ከየት አመጣኸው?»

«ፓስዎርድሽን? ማሽኑ ላይ ለጥፈሽው የለ እንዴ! ውሃ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር ያውቀዋል።»

ማሽኑን አየሁት። ተለጥፏል።

አማቴ መርፌያቸውን ሹራቡ ላይ ወጉና አስቀመጡት። ፊታቸው በራ። እንዲህ ሲበራ ያየሁት ልጄ የተወለደች ቀን ነው።

«ርክክብ አልተደረገም!» አሉ።

«ምን?»

«ርክክብ! አንዴ እኛ ጋ የጎማ መጋዘን የያዘ ሰው ሳያስረክብ ሞተ። በሩ ታሸገ። በእሱ ቦታ የተቀጠረው አዲሱ ሰውዬ፣ የእግዜር ሥራ፣ ስሙ ያው የሟቹ ስም ነው። የአባቱ ስም ሳይቀር! የሟቹን ካፖርትም ሰጡት። ዘበኛውን ክፈትልኝ አለው። ዘበኛው ምን አለ? ስምህን አላውቅም፣ ካፖርትህን አላውቅም፣ የሠራተኛ ቁጥርህን አሳየኝ።»

ዶክተር ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ገባኝ። ብድግ አልኩ፣ ወንበሩ ወደቀ። ማሽኔም እኮ እንደዚያው ነው! ለማሽኔ ቀይ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛውን መርፌ ነው የሚያውቀው። ሦስተኛው ላይ ሰማያዊ ክር ብሰካበት ነበልባሉን ሰማያዊ አድርጎ ይሰፋልኛል፣ ደንታም የለው። ኮምፒውተሩም ንብ የሚባል ስም ሰምቶ አይደለም የሚከፍተው። ስሙ ለእኛ ነው። ለእሱ ቁጥር አለው። ዶክተር የሠራልኝ ንብ ካፖርት ለብሳ የመጣች ሌላ ሰው ናት።

«ታዲያ የሞተ ሰው መጋዘን እንዴት ይከፈታል እማማ?»

«ቀላል ነው። የበላይ አለቃ ባለበት፣ ኮሚቴው ቆሞ፣ ማሸጊያው ይሰበራል። አዲሱ ይረከባል። ከዚያ በኋላ የእሱ ነው።»

«የዚህ ኮምፒውተር የበላይ ማነው?»

ሁለታችንም ዶክተርን አየነው። ሲጭነው ራሱን ነው አለቃ ያደረገው። «ዶክተር» የሚል ሌላ መግቢያ አለ፣ ሥዕሉ አክሊል ያደረገ አንበሳ። ቢያንስ መነጽር የለውም።

«ማርሽ ባንድ» ላይ በቀኝ ተጫንኩ። ስለ ደህንነቱ የሚለውን ከፈትኩ። የማን እንደሆነ ልንገርሽ እንኳ አልችልም አለኝ፤ የበላይ ይምጣና ፓስዎርድ ያስገባ።

«አያችሁ?» አሉ አማቴ። «ደንቡን ያውቃል። ጥሩ ዘበኛ ነው።»

በሩ ተንኳኳ።

የባንዱ መሪ ነው። ሙሉ ዩኒፎርም፣ የጡሩምባው ሻንጣ በእጁ። ከልምምድ እየተመለሰ ነው። መስቀያው ላይ ያሉትን ጃኬቶች አየ። ባዶ ደረት፣ ባዶ ደረት፣ ባዶ ደረት።

«እነዚህ ገና ናቸው?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«ይቀመጡ» አልኩት። «አሁን ልጀምር ስል ነው የደረሱት።»

«እህቴ፣ ከነገ ወዲያ እሁድ ነው። ካልሆነ ዛሬውኑ ጭኜ ልውሰዳቸው። ትልቁ ሱቅ ያሉት ሌሊቱን እንሰፋለን ብለዋል።»

«ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነው» አሉት አማቴ። «ቁጭ በል ልጄ።»

ምን ኮሚቴ እንደሆነ አልገባውም። ግን አማቴን ያየ ሰው ይቀመጣል። ተቀመጠ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

«ፓስዎርድ» አልኩት ዶክተርን።

ቀላ። «ሁላችሁም ዙሩ።»

እኔ ዞርኩ። የባንዱ መሪ ሳይቀር ዞረ። አማቴ አልዞሩም። ዶክተር በአንድ ጣቱ ነው የሚጽፈው፣ ፊደል በፊደል። እናት ናቸው፤ ከጣቱ ላይ አነበቡት። የሴት ስም ነው።

«ይህቺ ፎቶ ቤት የምትሠራው ልጅ አይደለችም እንዴ?»

«እማዬ!»

«ለምን አላመጣሃትም? ስንት ዓመት ነው ሚስት ያዝ የምልህ!»

«እማዬ፣ እንግዳ አለ!»

«ሸጋ ልጅ ናት» አለ የባንዱ መሪ ፊቱን እንዳዞረ። «የባንዱን ፎቶ ያነሳችን እሷ ናት።»

ዘበኛው አሳለፈን። የፎልደሩ ዝርዝር መጣ። ባለቤት በሚለው ትይዩ ስም የለም። «ያልታወቀ» ይላል፣ ከጎኑ የቁጥር ሰልፍ፣ ረጅም፣ ጭረት እየገባበት የሚሄድ። ባዕድ ሰው ይመስላል። አልነበረም።

«ያቻት» አልኩ። «እኔ ነኝ። የድሮዋ።»

እውነቴን ነው፣ ትንሽ አሳዘነችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሠርታ፣ ማንም እንዳይነካ ብላ ቆልፋ፣ ስሟን እንኳ ሳትተው ሄደች። ግን ለኀዘን ጊዜ የለኝም።

ባለቤት ቀይር የሚለውን ተጫንኩ። ንብ ብዬ ጻፍኩ። አዲሷን። ውስጥ ያሉትም ሁሉ አብረው ይሁኑ የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ሙሉ ፈቃድ ለንብ ሰጠሁ።

«ቆይ» አለ ዶክተር። እጄን ያዘኝ። «እኔ ይሄን ነገር ሠርቼው አላውቅም። እውነቴን ነው። ቢበላሽስ?»

ዶክተር አላውቅም ሲል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ፎርማት ሁሉ ይሄ ይሻላል።

«አንተ ግማሽ መንገድ አድርሰኸኛል» አልኩት። «ዲስኩን አልነካህማ። እጅህን አንሳ።»

እሺ የሚለውን ተጫንኩ።

አረንጓዴ መስመር መሮጥ ጀመረ። የፋይል ስም ከሥሩ ያልፋል፣ ሳይነበብ ያልፋል። ነበልባል። ጡሩምባ። የተበላሸ ነበልባል። እንደገና ነበልባል። የመጨረሻው ነበልባል። የባንዱ መሪ ከሶፋው ተነስቶ ከኋላዬ ቆሟል። አማቴ እጃቸውን አጣምረዋል።

መስመሩ ደረሰ። ጠፋ።

ማርሽ ባንድ። ተጫንኩ።

ተከፈተ!

«እልልልልል!» አማቴ ናቸው። የሠርግ እልልታ፣ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ። ልጄ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ዶክተር እኔን ሊያቅፍ ሄዶ ደንግጦ የባንዱን መሪ አቀፈ። እኔ ፍላሹን ሰካሁ፣ ነበልባሉን ገለበጥኩ፣ ወደ ማሽኑ ወሰድኩ፣ አንዱን ባዶ ጃኬት ፍሬም ላይ ወጠርኩ። ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ፤ መርፌዎቹን በቁጥራቸው አየሁ። ማስነሻውን ተጫንኩ።

ዝዝዝዝ።

እንደዚያ የሚጥም ድምፅ የለም። ባልም «ሰላም ገባሁ» ብሎ ሲደውል እንደዚያ አይጥምም።

የባንዱ መሪ ሳይቀመጥ አየው። ሲያልቅ ክሩን ቆረጥኩና ሰጠሁት። የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ አዲሱን ከጎኑ። መነጽሩን አደረገ። ጎንበስ አለ። ጣቱን በአንዱ ነበልባል ላይ አስኬደ፣ ከዚያ በሌላው። ቀዩ ከብርቱካኑ ጋር የሚገናኝበት ጋ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ዶክተር ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«የትኛው ነው የኔ?» አለ መጨረሻ ላይ።

ረስቶታል! ሁለቱን አገለባብጦ የራሱን ለይቶ ማወቅ አቃተው። አንገትጌው ላይ ላብ ያለበትን ፈልገን ሰጠነው።

ሻንጣውን ከፈተ። ጡሩምባውን አወጣ። እዚያው ሳሎናችን መሐል፣ ጃኬቱን መልሶ ለብሶ፣ ነፋው። አንድ መስመር ብቻ፣ ሰልፍ ሲጀመር የሚነፉትን። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቷ ግድግዳ ደበደበች። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች።

«የቀሩትን ነገ ማታ እወስዳለሁ» አለ ሲወጣ። በሩ ላይ ቆም ብሎ ዞረ። «ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔንም ጥሩኝ።»

ይቅርታ፣ ወሬዬን አቋርጬ የጣድኩትን ድስት አይቼ መጣሁ። ትንሽ አርሯል፣ ምንም አይደል።

የባንዱ መሪ ከሄደ በኋላ የቀሩትን ፎልደሮች አንድ በአንድ ተረከብኩ። ሙሽሮች፣ ትራስ፣ ትምህርት ቤቶች። ሁሉም ሙሉ፣ አንዲት መርፌ ሳትጎድል። መጨረሻ ላይ ድመት የጻፈችው ቀረ። ዶክተር ከወንበሩ ትንሽ ራቀ። ከፈትኩት። ውስጡ ሌላ ፎልደር። ከሱ ውስጥ ሌላ። ከሱ ውስጥ ምንም። ሲስተሙ ሲጫን ጥሎት የሄደው ትርፍራፊ ነው፣ እንደ ካርቶን።

«ይሄ ነው ፍላሼን የበላው?» አልኩት።

«ስሙ ግን ያስጠረጥራል» አለ። ዶክተር መቼም ዶክተር ነው።

አማቴ ግን አልጨረሱም። ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «አሁን ዋናው ርክክብ» አሉ።

«የምን ዋናው?»

«የበላይነቱ ነዋ! ሥራው የሷ፣ ዕቃው የሷ፣ ቁልፉ አንተ ጋ? እንዲህ ያለ አሠራር የት አየህ? አስረክብ።»

ዶክተር ተከራከረ። ቢበላሽስ፣ ማን ያስተካክላል፣ ሴትየዋ ሥራ ይበዛባታል አለ። አማቴ ቀና ብለው አዩት። እንዲህ ሲያዩ ትልቁ ሱቅም ቢመጣ ያስረክባል። ንብን አለቃ አደረጋት። አክሊል ያደረገው አንበሳ ወርዶ እንግዳ ሆነ፤ እንግዳ ደግሞ ማየት ይችላል፣ መንካት አይችልም። ፓስዎርዴን ቀየርኩ። ማሽኑ ላይ የለጠፍኩትን ቀደድኩት። ሁሉንም ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለአማቴ ሰጠሁ፤ ከቁም ሳጥናቸው ቁልፍ ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። ስፈልገው እንዴት እንደማገኘው ጠየቅኳቸው።

«ጠይቀሽ፣ ፈርመሽ» አሉ።

እሁድ መንገዱ ጥግ ላይ ቆመን አየናቸው፤ እኔ፣ ልጄ፣ አማቴ። ባሌም ሌሊቱን ነድቶ ደርሷል። ዶክተር ከፎቶ ቤቷ ልጅ ጋር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እንደማንተዋወቅ ሆኖ። ባንዱ በረድፍ መጣ። ፀሐይ ደረታቸው ላይ ነው። ነበልባሉ ከመጀመሪያው ሰው እስከ መጨረሻው ሰው አንድ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ይነዳል። የትኛው በፊት የትኛው በኋላ እንደተሰፋ እኔም አላውቅም። እኔም!

የባንዱ መሪ በፊታችን ሲያልፍ ጡሩምባውን ወደኛ ዞር አደረገና ነፋ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሁሉ የበጋ ልብስ ለጥልፍ ወደ እኔ እንደሚመጣ የነገረኝ በኋላ ነው።

ገመዴን ቦታው መልሻለሁ። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የዶክተር ገመድ ነው። በየቀኑ ይጠይቀኛል። ሳይፈርም አልሰጠውም።